ዘነበወርቅ ወራጅ አለ

አለርት በስጋ ደዌ ህክምና የሚታወቅ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ስለሆነ፣ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብሎ «አለርት ወራጅ አለ» ማለት የሚያሳፍረው ሰው ዛሬም ሞልቷል። አክስቴ ከጎጃም የመጣች ጊዜ ረዳቱ «የት ናችሁ?» ሲለን ቀድማኝ «ዘነበወርቅ» አለች፣ አዲስ አበባን በቅጡ ሳታውቀው ይቺን ብልሃት ማን እንዳስተማራት እንጃ። የሚያስቀው ዘነበወርቅም ያው ነው፣ ለሰፈሩ ስሙን ያወረሰው ከጣልያን ወረራ በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተቋቋመው የስጋ ደዌ ሆስፒታል ነው።

ክንዷ ላይ የወጣባት ከቆዳዋ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነው፣ አያሳክክ፣ አያም። እዛው አገሯ ጭርት ነው ተብላ ሁለት አመት ቅባት ስትቀባ ከረመች፣ ጎረቤቶቿ ደግሞ ለምጽ ነው ይላሉ። አለርት ቆዳ ክፍል ገብተን እኔ አንድ ትልቅ ማሽን ምናምን ስጠብቅ ሲስተሯ ያወጣችው ጥጥ ነው፣ በቃ ጥጥ፣ ጫፉን ሾል አድርጋ። «እናቴ አይንዎን ይጨፍኑና የነካሁዎት ቦታ ላይ ጣትዎን ያሳርፉ» አለቻት። እጇን ነካቻት፣ አክስቴ ጠቆመች። ትከሻዋን ነካቻት፣ ጠቆመች። ምልክቱ መሀል ነካቻት፣ ዝም። ደገመቻት፣ ዝም። ትንሽ ቆይታ አክስቴ አይኗን እንደጨፈነች «ጀመርሽ እንዴ ልጄ?» አለች። ሲስተሯ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም ገባኝ።

ከዛ በኋላ ነው ስለዛ ግቢ ማንበብ የጀመርኩት። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው አመቶችም የፈረንጅ ናቸው) ሲቋቋም ለኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም፣ የስጋ ደዌ ህክምናና ስልጠና ማእከልነቱ ለመላው አፍሪካ ነው። እዛው ጎኑ ደግሞ በ1970 አህሪ መጣ፣ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኖርዌይና የስዊድን የህጻናት አድን ድርጅቶች ያቋቋሙት። ሐንሰን በ1873 ኖርዌይ ውስጥ የስጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው ሀኪም ነው።

እኔ የምርምር ማእከል ሲባል የሚታየኝ መስታወት የበዛበት ህንጻ ነበር፣ ለምን ዘነበወርቅ እንደተሰራ የገባኝ ስለ ባክቴሪያው ሳነብ ነው። ሐንሰን ካገኘው ከ150 አመት በላይ ሆኖት እስከዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ማብቀል አልተቻለም፣ እምቢ አለ! የተለመደው የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል፣ ይሄኛው 2 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፣ ሰው ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይም በአማካይ 5 አመት፣ አንዳንዴ 20 አመት። የሚያድገው የአይጥ መዳፍ ላይና አርማዲሎ በሚባል አሜሪካ ያለ፣ እንደ ጥሩር ቆዳ የደረበ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ገላ ስለሚወድ። ስለዚህ ይሄን በሽታ ማጥናት የፈለገ ሰው ማይክሮስኮፑን ይዞ በሽተኛው ያለበት መምጣት አለበት፣ በሽተኛው ሰፈር ካልሆነ ስራው የለም ማለት ነው። የአህሪ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበረው ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳል ሰውነታችን ይሄን ባክቴሪያ እንዴት እንደሚዋጋ ሲያጠና የነበረው እዚሁ ነው፣ በኋላ ጋቪ የሚባለውን የአለም የክትባት ህብረት ሲመሰረት ከመሩት አንዱ ሆኗል። ዳፕሶን የሚባለው መድሃኒት ብቻውን ሲሰጥ ባክቴሪያው እየለመደው እንደሆነ በ1970ዎቹ ማስረጃ ከወጣባቸው ቦታዎች አንዱም አለርት ነው፣ አለም ወደ ተደባለቀ መድሃኒት የሄደው በዚህ አይነቱ ማስረጃ ነው።

የኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት የአክሊሉ ለማ ነገርም ያው እኮ ነው፣ በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፣ ወንዙ ዳር ባይሄድ ምን ያይ ነበር?

ቴክኖሎጂ ከተባለ ደግሞ እኔን የገረመኝ ጫማው ነው። በስጋ ደዌ እግሩ የደነዘዘ ሰው ሚስማር ቢረግጥ፣ ጫማው ቢልጠው አያውቅም፣ ጣት የሚያሳጣው ባክቴሪያው በልቶት ሳይሆን ይሄው ሳይታወቅ የሚመረቅዝ ቁስል ነው። ስለዚህ ውስጡ ለስላሳ ጎማ የሆነ ጫማ በየሰዉ እግር ልክ ይሰራለታል። ከክፍሉ በር ላይ ቆሜ አንዱ ሽማግሌ ሲለኩ አይቻለሁ፣ ሰራተኛው እግራቸውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ በእርሳስ ዙሪያውን ሲያሰምር እሳቸው «ሰፋ አርገው፣ ካልሲ አለኝ» ይላሉ።

አክስቴ የ6 ወር መድሃኒት ታዘዘላት፣ በነጻ፣ በእሽግ በእሽግ ሆኖ። የመጀመሪያ ቀን ሽንቷ ቀይ ሆኖ ስታይ ደም ነው ብላ ቤቱን በጩኸት አናጋችው፣ ከመድሃኒቶቹ አንዱ እንደዛ እንደሚያደርግ ተነግሯት ነበር ግን ማን ያስታውሳል። መድሃኒቱ ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ በሽታው ወደ ሰው መተላለፉን ያቆማል፣ አብረን ነው ከአንድ ትሪ የምንበላው፣ እናቴ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት በሰበብ በሰበቡ ሳህን ስትለይ ነበር (ይቅርታ እማዬ፣ አይቼሻለሁ)።

የመጨረሻውን እሽግ የጨረሰች ማታ ቡና እየጠጣን የአርማዲሎውን ታሪክ ነገርኳት፣ ከሰው ባክቴሪያውን ወስደው እሱ ውስጥ እንደሚያሳድጉት፣ ብዙ ምርምር በሱ እንደተሰራ። ስኒዋን ይዛ ትንሽ ዝም አለችና «እና እሱንስ ይሄን ኪኒን ሰጡት?» አለችኝ።