ዶርዜ ላይ ሽመና የሚማረው እግር ነው

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ ዳገት የበዛበት ነው። ታች ሸሚዝህን ሊያስወልቅህ የደረሰው ሙቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥተህ ዶርዜ ስትደርስ የለም፤ ጃኬት ትፈልጋለህ። ዞር ስትል አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ በመሀላቸው ካለው "እግዜር ድልድይ" ከሚባለው መሬት ጋር ተዘርግተው ይታያሉ። ፎቶውን ሁሉም ሰው ያነሳዋል። እኔም አንስቼ አለፍኩ።

ጎብኚ የሚያየው ነገር የታወቀ ነው። ፊታቸው ዝሆን የሚመስሉትን የቀርከሃ ቤቶች ያያል፣ ቆጮ በዳጣ ይቀምሳል፣ "ዮ! ዮ! ዮ!" ብሎ አረቄ ይጨልጣል። ሽመናውን ግን ቆሞ ለደቂቃዎች ነው የሚያየው። እኔ ቁጭ ብዬ መማር እፈልጋለሁ ስል አስጎብኚው ልጅ ሳቀና አያቱ ዘንድ ወሰደኝ።

አባባ ጉልበታቸው በነበረበት ዘመን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ፈጣን ነው፤ ቀልዳቸው ደግሞ የባሰ። "የቢሮ ሰው ነህ አይደል? ወገብህን እናያለን" አሉኝ።

መጀመሪያ ላይ ሸማኔው እግሩን አውርዶ ወደሚሠራበት ጉድጓድ አላስጠጉኝም። ቀሰም፣ ማለትም ክር የሚጠነጠንበትን ቀጭን ዘንግ ሰጥተው፣ ማግ (በድሩ መሀል በአግድም የሚገባውን ክር) አጠንጥን አሉኝ። አጠገቤ ባለቤታቸው እንዝርት እያሾሩ ባዘቶ ይፈትላሉ። እዚያ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ነው። ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ነው። ተወጥሮ የሚውለው እሱ ስለሆነ መጠንከር አለበት። በእጅ የተፈተለው ማግ ነው ለጋቢው ልስላሴና ሙቀት የሚሰጠው። "ሁለቱም የፋብሪካ ከሆነ ምን ጋቢ ነው፣ አንሶላ ነው" አሉ እማማ፣ ቀና ሳይሉ።

በኋላ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ አስቀመጡኝ። እግርህን ታች ታወርዳለህ፤ እዚያ ሁለት መርገጫዎች አሉ። ቀኙን ስትረግጥ ከድሩ ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ ይወርዳል። በተከፈተው መሀል ማጉ ያለበትን መወርወሪያ ትሰዳለህ፣ በሌላ እጅህ ትቀበላለህ፣ ማጉን ወደራስህ ትመታለህ፣ እግር ትቀይራለህ። ሲያወሩት ቀላል ነው። እኔ መወርወሪያውን ሳስብ እግሬን እረሳለሁ፣ እግሬን ሳስብ መወርወሪያው መሬት ይወድቃል። አባባ አፍጥጠው የሚያዩት እጄን ሳይሆን እግሬን ነበር። "እጅማ ራሱ ይመጣል። እግርህ ዘፈኑን ይያዝ።" እውነትም የሳቸውን ስትሰማ ዘፈን ነው፤ ጠቅ፣ ሽው፣ ዱብ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሁሉ ይሠራሉ። ወገቤን በተመለከተ የተነበዩት ደርሷል፣ ዝርዝሩ ይቅር።

ከሁሉም የከበደኝ ዳሩ ነው። ማጉን ትንሽ ሳብ ካደረግከው ጨርቁ ይጠባል፣ ከላላ ደግሞ ዳር ዳሩ ላይ እየተቆለመመ ይወጣል። ጥለት ሰውን ያታልላል፣ ሸማኔ የሚታወቀው በዳሩ ነው ይላሉ አባባ። ገበያ ላይም እንዴት እንደምለይ አሳዩኝ። በእጅ በተሠራ ሸማ ላይ ማጉ ዳር ደርሶ ዞሮ ይመለሳል። የተቆረጠና የታጠፈ ጠርዝ ካየህ ከሰፊ ጨርቅ ላይ የተቀደደ ነው።

ጥለቱን እንድነካ ግን አልፈቀዱልኝም። ባለቀለሙ ክር በየረድፉ፣ ድር እየተቆጠረ፣ በጣት ነው የሚገባው። አንድ ድር ከሳትክ አበባው ይንጋደዳል። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ባህላዊ ጨርቅ፣ ዱንጉዛ ላይማ ጭራሽ ዓይኔን እንጂ እጄን እንዳላስጠጋ ነገሩኝ። ልክ ናቸው። ልጆች ሆነው ቀሰም ከማጠንጠን ጀምረው ዓመታት የሚወስድባቸውን እኔ በሽርሽር ልጨርሰው?

አሁን በመንደሩ የቀሩት ወጣቶች ብዙ አይደሉም። ገበያው አዲስ አበባ ስለሆነ ሸማኔውም እዚያው ነው። ለመስቀል ሲመለሱ ዶርዜ ሌላ አገር ትሆናለች አሉኝ። ያን ጊዜ ብመጣ ግን የሚያስተምረኝ አላገኝም፣ ሁሉም በዓል ላይ ነዋ።

ስሄድ አባባ ሽሮ ሜዳ ለሚነግደው ልጃቸው ዳጣ በጠርሙስ አሸከሙኝ። አዲስ አበባ ስመለስ ወስጄ ሰጠሁት። እግረ መንገዴን አንድ ነጠላ አንስቼ ዳሩን ገልበጥ አድርጌ ሳይ ሳቀብኝ። "አባቴ ናቸው ያስተማሩህ!" ዳጣውን ተቀበለ፣ ሻይ ጋበዘኝ። ከነጠላው ዋጋ ላይ ግን አንዲት ብር አልቀነሰም።