የድምፅ አልባ ካውቦይ ፊልሞችን ፍጥነት እንዴት እንደማስተካክል

በድሮ ድምፅ አልባ ካውቦይ ፊልም ላይ ሰው ሁሉ የሚራወጠው በካሜራው ምክንያት ነው። ያኔ ካሜራ በእጅ ይዘወር ነበር፤ አንድ ዙር 8 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ በሰከንድ ሁለት ዙር፣ በድምሩ 16 ገደማ። ያው ፊልም በሰከንድ በ24 ፍሬም ሲታይ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። ፈረሰኛ ከኮርቻው ሲወረወር ያስቃል እንጂ አያስደነግጥም። እኔ ደግሞ እነዚህን ፊልሞች የማየው ለድንጋጤው ስለሆነ ሳላስተካክል አልጀምርም።

የምጠቀመው ቪኤልሲ (VLC) የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ድምፁን አጠፋለሁ፤ ሙዚቃው አብዛኛውን ጊዜ ኋላ የተጨመረ ነው፣ ፍጥነት ሲቀነስ ደግሞ ይንቀረፈፋል። ከዚያ ሰው በተለመደው አረማመድ የሚሄድበት ቦታ ላይ አቁሜ «E» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል እየተጫንኩ ፍሬም በፍሬም አያለሁ። በየአራቱ አንዱ ፍሬም ያለፈው ድጋሚ ከሆነ፣ ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው በሰከንድ 18 የነበረውን ፍሬም እየደገመ አስቀድሞ ወደ 24 ሞልቶታል፤ እንዳትነኩት። ድጋሚ ከሌለና እርምጃው ከፈጠነ የማጫወቻውን ፍጥነት ወደ 0.75 አወርዳለሁ፤ ይህ በ18 ለተቀረፀ ነው። ለ16 ከሆነ 0.67 አካባቢ።

በፈረስ ሩጫ ግን አትለኩ። ቀራጮቹ ማሳደድና ዝላይ ሲሆን እጀታውን ሆን ብለው ያዘገዩ ነበር፣ ሲታይ እንዲፈጥን። ይህን የሚያጋልጠው የሰው አወዳደቅ ነው። ከ3 ሜትር በረንዳ የወደቀ ሰው መሬት ለመድረስ 0.78 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቁልቁል መውረድ ከጀመረበት ስቆጥር 14 የተለያዩ ፍሬሞች ካገኘሁ ካሜራው በ18 ነው የተዘወረው። 9 ብቻ ከሆኑ በ12 ገደማ ቀርፀውታል፤ ያንን ቦታ ለይቼ ወደ 0.5 አወርደዋለሁ።

በሰው ምትክ የሚወረወር አሻንጉሊት የሚለየውም በዚሁ ፍሬም በፍሬም በሚያሳየው ቁልፍ ነው። በ1903 በኤድዊን ፖርተር በተሠራው «ታላቁ የባቡር ዝርፊያ» ውስጥ፣ ዘራፊው በከሰሉ ፉርጎ ላይ የባቡሩን ሠራተኛ ደብድቦ ይወረውረዋል። በደንበኛው ፍጥነት ዓይን ያልፈዋል። በፍሬም ሲታይ ግን የወደቀው ሰው አተኛኘት በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ እዚያ ላይ ካሜራው ቆሞ ሰውየው ወጥቷል፣ አሻንጉሊቱ ገብቷል።

እንደ ያኪማ ካነት ያሉት አደገኛ ትዕይንት ሠሪዎች፣ ከሮዲዮ (የካውቦዮች የፈረስ ግልቢያ ውድድር) ሻምፒዮንነት ወደ ፊልም የገቡት፣ አሻንጉሊት አያስፈልጋቸውም ነበር። የእነሱን ሥራ ስመረምር የምፈልገው ሰውየውም ፈረሱም ከራስ እስከ እግር የሚታዩበትን፣ ያልተቆረጠ ሰፊ ምስል ነው። ፊት ብቻ በቅርብ አሳይተው ወዲያው ወደ ሩቅ ከቆረጡ፣ ሩቁ ላይ ያለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ፈረስ በሙሉ ሩጫ ላይ እያለ ሁለት የፊት እግሮቹ በአንዴ ተነጥቀው በአንገቱ ሲተከል ካያችሁ ግን ብዙውን ጊዜ እግሩ ላይ ሽቦ ታስሯል። ያ አወዳደቅ ፈረስ ይገድል ነበር። እሱን አልቆጥርም፣ አልፈዋለሁ።