ለቅርጫ የተገዙት ሄሊኮፕተሮች

ጅማ መርካቶ የባጃጅና የሞተር ሳይክል መለዋወጫ እሸጣለሁ። "አንተ ስለ ሄሊኮፕተር ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። እኔን የሚያገባኝ መብረሩ ሳይሆን ዕቃ ቤቱ ነው። ወታደር በገመድ ወርዶ ከባሕር ሰው ሲያወጣ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁሉም ያጨበጭብለታል። እኔ ግን ገመዱ የሚጠቀለልበት ዊንች ኩሽኔታው ቢበላ ከየት ይመጣል እላለሁ። የሙያ በሽታ ነው።

የካናዳን ልንገራችሁ። አየር ኃይሏ ለነፍስ አድን ሥራ ኮርሞራንት የሚባሉ ቢጫ ሄሊኮፕተሮች አሉት። 15 ነበር የገዛው። መለዋወጫ ግን እንደልብ አልተገኘም። ጎረቤቷ አሜሪካ ደግሞ ለፕሬዚዳንቷ ከዚያው ዘር አዝዛ ነበር። ዋጋው አልቀመስ ሲል በፈረንጆቹ 2009 ፕሮጀክቱ ተሰረዘ። ካናዳ በ2011 ዘጠኙን በ164 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ አነሳቻቸው። ልታበራቸው መስሏችሁ? እንደ ቅርጫ በሬ ልትበልታቸው እንጂ! ፕሬዚዳንት ሊቀመጥበት የታሰበ ሄሊኮፕተር ለኮርሞራንት መለዋወጫ ሆነ።

ብዙ ሰው ይስቃል። እኔ አልሳቅሁም፤ አዋቂ ነጋዴ የሚያደርገው ነው። ባለፈው ክረምት አንድ የተጋጨ ባጃጅ እንዳለ ገዝቼ ነበር። ካምቢዮው ብቻውን ገንዘቤን መለሰልኝ፣ የቀረው ትርፍ ነው።

መንገዳችን የሚለያየው ከዚህ በኋላ ነው። ባጃጅ ነጂው ይመጣና "ጋሼ፣ ያገለገለም ቢሆን ፈልግልኝ፣ ብቻ ዛሬ ልሥራበት" ይለኛል። እፈልግለታለሁ። አልገጥም ካለ ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስልጠዋል። ዕቃው ስንት ዓመት እንደሠራ የሚጠይቅ የለም። ሄሊኮፕተር ላይ ግን እያንዳንዱ ወሳኝ ዕቃ የራሱ ቁጥርና መዝገብ አለው። ስንት ሰዓት እንደበረ ይጻፋል። ሰዓቱ ከሞላ፣ እንደ መስታወት ቢያበራም ይፈታል። ወረቀቱ ከጠፋ ደግሞ ከካርቶን ያልወጣ ዕቃ እንኳ ቁርጥራጭ ብረት ነው።

"አበዙት" የሚል ካለ በፈረንጆቹ 2016 የደረሰውን የኖርዌይ አደጋ ያስታውስ። ነዳጅ ማውጫ ሠራተኞች የጫነ ኤች 225 ሄሊኮፕተር ከላይ የሚሽከረከረው ክንፉ አየር ላይ ተገንጥሎ 13 ሰው አለቀ። ካራካል የሚባለው የጦር ነፍስ አድን የዚሁ ወንድም ነው። መርማሪዎቹ ካምቢዮው ውስጥ የተሰነጠቀ ባለ ጥርስ ማርሽ አገኙ። ስንጥቁ ውስጥ ውስጡን ነበር ያደገው። እኛ ዘይት ስናፈስ በሁለት ጣት አሸት አድርገን የሚያብለጨልጭ ነገር ካለ እናያለን። እነሱ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ የሚይዝ ማግኔት አላቸው። ያን ቀን ማግኔቱም አላስጠነቀቀም። ካምቢዮው ደግሞ ቀደም ሲል አውስትራሊያ ውስጥ በመኪና ሲጓዝ አደጋ ደርሶበት፣ ተጠግኖ የተመለሰ ነበር። ለአደጋው ምክንያት መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ግን መዝገብ ባይኖር ማን ያውቀው ነበር?

በጣም የገረመኝ ሰዓቱ የሞላውን ዕቃ የሚያስወግዱበት መንገድ ነው። ማንም መልሶ እንዳይገጥመው ይቆርጡታል፣ ወይም ይቀጠቅጡታል። ደህና የሚመስለውን! እኛ ሰፈር ቢሆን ማታውኑ ቀለም ተቀብቶ ጠዋት "ኦርጅናል ነው" ተብሎ ይሸጥ ነበር። ቢሾፍቱ አየር ኃይል ግምጃ ቤት የሠራችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ፣ መዶሻውን የሚያነሳው ሰው እጁ አይከብደውም?