ደንገጎ ላይ የተጣለው ድንኳን

የምተዳደረው ድሬዳዋ ውስጥ ድንኳንና ወንበር በማከራየት ሲሆን፣ ዕቃዬን ከሠርግ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት፣ ከለቅሶ ቤት ወደ ሠርግ ቤት የማመላልሰው ባለ ሁለት እግር ተሳቢ በምትጎትት አሮጌ ፒካፕ ነው። መኪናዋ እንኳ ጠንካራ ናት፤ ኪሴን የሚያራቁተው የጎማዋ ነገር ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና የኋላ ጎማው ከፊተኛው ቀድሞ ያልቃል። በዚያ ላይ ደንበኞቼ የሚበዙት ሐረር በመሆኑ፣ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቼ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት እየታጠፍኩ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ እወጣለሁ፤ ስመለስም ያንኑ ቁልቁለት እወርዳለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ጎማ በአንድ ቀን ቀይሬ ሒሳቡን ከከፈልኩ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ ጎማ በእኔ እጅ ያለ ዕድሜው እንደማይቀጭ ለራሴ ቃል ገባሁ። የንፋስ መለኪያ ገዛሁ። መጀመሪያ ላይ ግን ከቀትር በኋላ፣ መኪናዋ ሮጣ እንደ ቆመች፣ የድሬ አስፋልት ጫማ በሚያቀልጥበት ሰዓት ለክቼ «በዝቷል» እያልኩ አስተነፍስ ነበር። ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር የጎማው ግፊት 1 ፒኤስአይ ያህል ከፍ እንደሚል፣ ስለዚህም መለካት ያለበት ጠዋት ገና ሳይነዳ መሆኑን የተረዳሁት የኋላ ጎማዎቼ ዳርና ዳራቸው ብቻ ተበልቶ መሐላቸው ደህና ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነበር። ከዚያማ አንድ ነገር አልቀረኝም። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዘዋውራለሁ። ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጬ ሳይሆን በከባድ ማርሽ እወርዳለሁ። ተሳቢው ላይ ዕቃ ስጭን ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ብቻ በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ወንበሮቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳመዛዝን የሚያዩኝ ጓደኞቼ «የጎማ ሐኪም» የሚል ስም አወጡልኝ፤ እኔም ስሙን ሳልግደረደር ተቀበልኩት።

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሁለት የኋላ ጎማ አስፈለገኝ። አንድ ነጋዴ መንገድ ያልነካ አዲስ ጎማ ከገበያው ዋጋ በጣም አሳንሶ እንደሚሸጥ ሰማሁና ሄድኩ። እንደ ሐኪም አገላብጬ መረመርኩት። የጭነት መኪና ጎማ ነው። በጎኑ ላይ 121 የሚል የጭነት ቁጥር አለበት፤ ይህም አንዱ ጎማ እስከ 1,450 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ጥርሱ ጣት ያስገባል። የምርት ቁጥሩ 1214 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ ዓመቱን እንደሚያመለክቱ አውቅ ስለነበር ገና ሁለት ዓመቱ ነው ብዬ ተደሰትኩ። እንዲያውም ከመስከረም 1 ጀምሬ በጣቴ ቆጠርኩና፣ ጎማው የተሠራው በ2014 የኅዳር ጽዮን ሰሞን መሆኑን ለነጋዴው አበሠርኩት። ነጋዴው ለአፍታ አተኩሮ ተመለከተኝ፤ አድናቆት መስሎኝ ነበር።

ግንቦት ላይ የሐረር ሠርግ ተያዘልኝ። በዕለቱ ጠዋት ንፋሱን ለካሁ፣ ጭነቱን አመዛዘንኩ፣ 150 ወንበር፣ ድንኳንና ብረቶቹን ይዤ ከእኅቴ ልጅ ጋር ተነሣሁ። የደንገጎን ዳገት እንዳጋመስነው ከኋላ በኩል ምንጣፍ የሚራገፍ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ወዲያው እንደ ጥይት ጮኸና መኪናዋ ወደ ግራ ዘንበል አለች። ወርጄ ሳይ የጎማው ጥርስ እንዳለ ተልጦ እንደ ቀበቶ ተንጠልጥሏል።

ቅያሪው ጎማ ንፋስ አልነበረውም። አራቱን ጎማ በየሳምንቱ የሚለካው ሐኪም፣ አምስተኛውን አንድ ቀን እንኳ ጎብኝቶት አያውቅም። የእኅቴን ልጅ ከጎማው ጋር በሚኒባስ አሳፍሬ ጎሚስታ ፍለጋ ወደ ላይ ላክሁት። ክሪኩ ከነጭነቱ አላነሣ ስላለኝ ወንበሮቹን አውርጄ በመንገዱ ዳር ደረደርኩ፤ ፀሐዩም ስለበረታብኝ የድንኳኑን ሸራ በአራት ብረት ላይ ወጠርኩና ከሥሩ ተቀምጬ ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

በመጀመሪያ የደረሱት ከላይ በእግራቸው የሚወርዱ አንዲት እናት ነበሩ። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና እኔን አዩ፤ ነጠላቸውን ዘቀዘቁና «እግዚአብሔር ያጽናህ ልጄ» ብለው ተቀመጡ። ለማስረዳት አፌን ስከፍት «ዝም በል፣ አትናገር፣ ኀዘን ያደክማል» አሉኝ። ቀጥሎ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ ከረዳቱ ጋር ገባ። ከዚያ ጫት የጫነች አህያ የሚነዱ አንድ አዛውንት መጡና በትራቸውን ጋደም አድርገው ዱዓ አደረጉልኝ። ሦስት ሰዎች እስኪሆኑ ድረስ እውነቱን መናገር ይቻል ነበር፤ 11 ከሆኑ በኋላ ግን እንዴት ብዬ ልናገር? የሙሽራዋ ወንድም በየአምስት ደቂቃው ሲደውል ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ትንሽ ችግር ገጥሞኝ ነው» ስለው፣ አጠገቤ ያሉት ከንፈራቸውን ይመጡልኛል።

በመጨረሻ የእኅቴ ልጅ ጎሚስታውን ይዞ ደረሰ። ጎሚስታው አፍላ ወጣት ቢሆንም እንደ አካባቢያችን ልማድ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለለቀስተኛው ሰላምታ ሳይሰጥ ቀጥ ብሎ ወደ ጎማው ሄዶ ቁጢጥ አለ።

«አቦ፣ ይህን ከየት አመጣኸው? ጎኑ ላይ ያለውን ስንጥቅ አላየህም?»

«አዲስ ነው። 2014 ነው የተሠራው» አልኩት።

«በፈረንጅ ነዋ! ፋብሪካው መስከረም 1 እንቁጣጣሽ የሚያከብር መሰለህ እንዴ? 12ኛው ሳምንት ማለት የእኛ መጋቢት 2006 ነው። 10 ዓመት አልፎታል!»

«መንገድ አልነካም ብሎኝ ነበር።»

«አልዋሸህም። መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ነው ያረጀው። ላስቲኩ ቆሞም ይደርቃል፤ ከሽቦው ጋር ያያዘው ነገር ይላላል፤ በሙቀት ከጭነት ጋር ዳገት ስታስወጣው ይላጣል። አምራቾቹ ራሳቸው ጥርሱ ባያልቅም ከ10 ዓመት በላይ አትንዱት ይላሉ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር እናትዬዋ ጆሮ የደረሰው «10 ዓመት» የሚለው ብቻ ነበር። ደረታቸውን መቱና «ወይኔ ልጄን! ገና በ10 ዓመቱ!» ብለው በታላቅ ድምፅ አለቀሱ፤ የአይሱዙው ረዳትም አብሯቸው ዕንባ አወጣ። ጎሚስታው መፍቻውን እንደያዘ ዞር አለ።

«እማማ፣ ለጎማ እኮ 10 ዓመት ሽምግልና ነው።»

ዝምታ ሆነ። ሁሉም በተራ የተላጠውን ጎማ፣ ከዚያም እኔን አዩ። አዛውንቱ በትራቸውን አነሡና «ዕድሜ ጠግቦ ከሆነ የሞተው ምን ያስለቅሳል?» ብለው ወደ አህያቸው ሄዱ። ሌሎቹ እየሳቁም እየተቆጡም ወንበሮቹን ጫኑልኝ። እናትዬዋ ግን ኀዘን ቤት ባዶ እጅ መግባት ነውር ነው ብለው ቀደም ሲል በመዳፌ ያስጨበጡኝን 50 ብር ስመልስላቸው አልቀበልም አሉ፤ ጎሚስታው ሒሳቡን ሲነግረኝ እጁን ዘርግቶ በቅድሚያ ያቺኑ 50 ብር ወሰደ።

ከዚያ እስከ ሐረር ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጓዝኩ፤ በቀኝ በኩል ያለው የሟቹ መንትያ ነበርና።