የጎርጎርዮስ መዝገብ

ዛሬም ስለ ጎርጎርዮስ ሳነብ አመሸሁ። ጎርጎርዮስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የፈረንጆቹ ዘመን አቆጣጠር ነው። እኔም ለዓመታት ሁለት ጎርጎርዮሶች አንድ ሰው ይመስሉኝ ነበር። አቆጣጠሩን በ1582 ያወጀው ግን 13ኛው ጎርጎርዮስ ነው። እኔ የምለው የመጀመሪያውን ነው፤ ከዚያ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረውን።

አሿሿሙን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ቲቤር ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቅልቋል፣ ወረርሽኝ ገብቷል፣ ከእሱ በፊት የነበረው ጳጳስም የሞተው በዚያው ወረርሽኝ ነው። ጣሊያንን የወረሩት የጀርመን ነገድ፣ ሎምባርዶች፣ ደግሞ በውጭ በኩል ያስፈራራሉ። እሱ የአባቱን ቤት ገዳም አድርጎ በጸሎት መኖር ነበር የፈለገው። አልሆነለትም። ሆዱን እያመመው፣ ሪህ አልጋ ላይ እየጣለው፣ ከሲሲሊ የቤተ ክርስቲያን መሬት እህል እያስመጣ ሮምን መገበ። ከ800 በላይ ደብዳቤዎቹ ዛሬም አሉ።

እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ከተማው ሁሉ አልቅሶ የሸኘው ይመስለኝ ነበር። በኋላ የተጻፈው ገድሉ ግን ሌላ ነው የሚለው። ያኔ ረሃብ ነበር፤ ሕዝቡም የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት ሁሉ በትኖ ጨረሰው ብሎ ተቆጣና መጻሕፍቱን ሊያቃጥል ተነሳ ይላል። ገድሉ የተጻፈው ከ270 ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ ይህን እንዳለ አልቀበለውም። ሆኖም የሮም ጳጳሳት ዜና መዋዕል ራሱ ስለ እሱ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ይሄ ከነከነኝ።

ለእሱ ያለው ፍቅር የመጣው ከሩቅ ነው፣ እግሩ ረግጦት ከማያውቀው አገር። አውግስጢኖስ የሚባል መነኩሴ ከጓደኞቹ ጋር ወደ እንግሊዝ ልኮ ነበር፤ እነሱም በ597 ደረሱ። ከሞተ መቶ ዓመት ገደማ ሲሆነው የመጀመሪያውን ገድሉን የጻፈለት በዚያው በእንግሊዝ፣ ዊትቢ በሚባል ገዳም የሚኖር ሰው ነው። ስሙ አልተጻፈም፤ መነኩሴ ይሁን መነኩሲት እንኳ አይታወቅም። ስለ ተአምራቱ ብዙ አልሰማም፣ ግን ቅድስና በተአምር ብቻ አይለካም እያለ ይከራከርለታል። ይቺን ቦታ ሦስቴ አነበብኳት። አይቶት የማያውቅ ሰው እንደ ገዛ አባቱ ሲሟገትለት! በ9ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በዚያው በእንግሊዝ ንጉሥ አልፍሬድ፣ ጎርጎርዮስ ስለ ነፍስ እረኝነት የጻፈውን መጽሐፍ ወደ ሕዝቡ ቋንቋ አስመለሰው። ግሪኮቹም በሌላ መጽሐፉ ስም ዲያሎጎስ ይሉታል።

ሮምም ኋላ ላይ አስታወሰችው። በ870ዎቹ የነበረው ጳጳስ፣ ዮሐንስ የሚባል ዲያቆን ስለ ጎርጎርዮስ ሰፊ ገድል እንዲጽፍ አዘዘ፤ ቅድም ያነሳሁት የመጻሕፍቱ ታሪክ ያለው በዚሁ ገድል ነው። ዮሐንስ ታዲያ የጳጳሳቱ መኖሪያ በነበረው በላተራን ቤተ መንግሥት ስለተቀመጠ አንድ ትልቅ መዝገብ ይነግረናል። በጎርጎርዮስ ዘመን እርዳታ ይቀበሉ የነበሩት ወንዶችና ሴቶች በየስማቸው፣ በየዕድሜያቸውና በየሥራቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ከሚሰጠው ገንዘብ ጋር ተመዝግበውበታል። ያን ሁሉ ዘመን ማን ጠብቆ አቆየው? መብራቱን አጥፍቼ ስተኛም የማስበው እነዚያን ስሞች ነው።