ቤቲዮን በእግር፣ ባሕሩ ሲጎድል

ባሕር ዳር የመርከብ ምሕንድስና ተምሬ በውጭ የጭነት መርከቦች የምሠራ ሰው ነኝ። ከባሕሩ ይልቅ የማውቀው የሞተር ክፍሉን ሙቀት ነው። መርከባችን በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በኪሪባቲ፣ ታራዋ ላይ ጭነት እንደምታራግፍ ስሰማ ግን የመውረጃ ፈቃድ ቀድሜ ጠየቅሁ። ወደቡ የሚገኝባት ቤቲዮ በኖቬምበር 1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካና ጃፓን ለሦስት ቀናት የተፋለሙባት ደሴት ናት።

አስጎብኚ አልቀጠርሁም። ኪሪባቲ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርከበኞቿን የምታሠለጥነው ቤቲዮ ላይ ስለሆነ የደሴቲቱን ልጅ መርከብ ላይ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ከእኛም ጋር አንድ ነበር። ቀጥዬ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ለማየት ወደ ማዘዣ ክፍሉ ወጣሁ። ተረኛው መኮንን፣ መሐንዲስ ይህን ምን ያደርግለታል ብሎ ሳቀብኝ።

የውጊያው ቁልፍ ግን ሰንጠረዡ ነው። ባሕሩ ሲጎድል በሰሜኑ ዳርቻ ቆመን ስናይ ከፊታችን ያለው የኮራል (ከባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተሠራ ድንጋይ) ሜዳ ውኃው ጉልበት አይደርስም፤ ርቆ አንድ የዛገ የአሜሪካ ታንክ ይታያል። የአሜሪካ ወታደር ማመላለሻ ጀልባዎች ለመንሳፈፍ ከአንድ ሜትር በላይ ውኃ ይፈልጉ ነበር። ውጊያው በተጀመረ ዕለት ሙላቱ ዝቅተኛ ስለነበር ኮራሉ ጠርዝ ላይ ቀሩ፤ ወታደሩም በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር በመትረየስ ፊት ውኃ ውስጥ እየተራመደ ሄደ። ወደ 1,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሞቱ። ወደ 4,700 ከሚጠጉት በጃፓን በኩል የነበሩ የደሴቲቱ ተከላካዮች የተረፉት 150 አይሞሉም፤ አብዛኞቹም ለጉልበት ሥራ የመጡ ኮሪያውያን ነበሩ። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተወርቷል። እኔን ያንገበገበኝ የውኃው ልክ ነው።

ጃፓን ከእንግሊዝ የገዛቻቸው ትልልቅ መድፎች አሁንም አፋቸውን ወደ ባሕር አዙረው ዝገዋል። የኮንክሪቱ ምሽግ የቆመው በመኖሪያ ቤቶች መካከል፣ ልብስ ከሚሰጣበት አጠገብ ነው። ስለዚህ በየደጁ ባልደረባዬ ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ ያስፈቅዳል፤ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ከመሬት ምንም ማንሳት አይገባም፤ ያልፈነዳ ጥይት ዛሬም ይገኛል፣ የወታደሮች አጽምም እንዲሁ።

ባልደረባዬን ስለ ጦርነቱ ብጠይቀው ባጭሩ መለሰልኝና ወሬውን ወደ ባሕር መከላከያ ግንቡ አዞረው። ደሴቲቱ ከባሕር ወለል በላይ ብዙው ቦታዋ ሦስት ሜትር አይሞላም፤ እዚያ የሚኖር ሰው የሚፈራው ጉድለቱን ሳይሆን ሙላቱን ነው። ለመሄድ የሚያስብ መርከበኛ ካለ ግን ጉድለቱን ይጠብቅ፤ ባርኔጣና ውኃም ይያዝ፣ ዳርቻው ላይ ጥላ የለም።