የሐና ልጅ

ሰሞኑን የማመሸው የቻርሊ ቻፕሊንን የሕይወት ታሪክ በማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ ራሱ የጻፈው መጽሐፍ። ስለ ፊልሞቹ ለማወቅ ነበር የጀመርኩት። አሁን ግን ከሐሳቤ አልወጣ ያለችው እናቱ ናት፤ ሐና ቻፕሊን።

ሐና ዘፋኝ ነበረች። አንድ ምሽት አልደርሾት በሚባል የወታደር ከተማ፣ መድረክ ላይ እያለች ድምጿ ተሰነጠቀ። ወታደሮቹ አፌዙባት፣ ጮኹባት፤ ወረደች። የመድረኩ ኃላፊ ቢቸግረው የአምስት ዓመት ልጇን እጁን ይዞ አወጣው። ቻርሊ ገና መዝፈን ሲጀምር ሳንቲም ይወረወርለት ጀመር። ወዲያው ዘፈኑን አቋርጦ፣ መጀመሪያ ሳንቲሙን እንደሚለቅም፣ ከዚያ እንደሚዘፍን አስታወቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው መሐረብ ይዞ ሊያግዘው ሲመጣ ደግሞ ሊወስድብኝ ነው ብሎ ተከተለው። ገንዘቡ እናቱ እጅ እስኪገባ ድረስ አልለቀቀውም።

ከዚያ ተመልሶ ሲዘፍን የእናቱን የተሰነጠቀ ድምፅ አስመሰለ። ተንኮል የለበትም፤ ልጅ ነው። ሰዉ ግን ወደደለት። ያ ምሽት ለእሱ የመጀመሪያው፣ ለእሷ የመጨረሻው መድረክ ሆነ። እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቁሜ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ድህነት ነው። በ1896 ሐና ሁለቱን ልጆቿን፣ ሲድኒንና ቻርሊን ይዛ ለንደን፣ ላምቤዝ የሚገኘው የድሆች መጠለያ ገባች። እናትና ልጆች እዚያ አብረው አይኖሩም። በር ላይ ተለያዩ፤ በኋላም ልጆቹ ሃንዌል ወደሚባል ትምህርት ቤት ተላኩ። አንድ ቀን ሐና ከመጠለያው ልውጣ ብላ አመለከተች። ልጆቹንም አስወጣች። መሄጃ ግን አልነበራትም። ሲድኒ ቋጥሮ ባስቀመጣት ትንሽ ገንዘብ ቼሪ ገዝተው ኬኒንግተን ፓርክ ውስጥ ተቀምጠው በሉ። ጋዜጣ ጠቅልለው በሲባጎ አስረው ኳስ ተጫወቱ። ከዚያ ማታውኑ ተመልሰው መጠለያው ገቡ። ሠራተኞቹ ተናደዱ፤ ልብሳቸው እንደገና በእንፋሎት መታጠብ ነበረበትና። እሷ የፈለገችው ከልጆቿ ጋር አንድ ቀን መዋል ብቻ ነበር።

ጤና በነበራት ጊዜ መስኮት ዳር ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን እያየች ታስመስልላቸው ነበር። የሰውየውን አካሄድ አይታ ከሚስቱ ተጣልቶ፣ ቁርስ ሳይበላ እንደወጣ ትነግራቸዋለች። ፊትና እጅ ምን ያህል መናገር እንደሚችሉ ከእሷ ነው የተማርኩት ይላል ቻርሊ።

ቻርሊ 14 ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ወደ ቤት ሲመለስ የሰፈር ልጆች እናቱ እንዳበደች ነገሩት። በየጎረቤቱ እያንኳኳች፣ ለልጆቻችሁ የልደት ስጦታ ነው እያለች የከሰል ድንጋይ ስታድል ነው የዋለችው። በድካም እየተንገዳገደች፣ እሱ እየደገፋት በእግራቸው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ምግብ እንዳጣች ተናገረ። በኋላ ሊጠይቋት ሲሄዱ፣ ያን ቀን ከሰዓት አንድ ስኒ ሻይ ብትሰጠኝ ኖሮ ደህና እሆን ነበር አለችው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁላችንም በመጠኑ እናውቀዋለን። ከፍሬድ ካርኖ የአስቂኝ ቲያትር ቡድን ጋር አሜሪካ ሄደ። በ1914 በሳምንት 150 ዶላር እየተከፈለው ፊልም መሥራት ጀመረ። ሰፊ ሱሪ፣ ጠባብ ኮት፣ ትንሽ ባርኔጣ፣ ትልቅ ጫማ፣ ከዘራና ያቺን ጢም ይዞ፣ ከርታታ ሆኖ ብቅ አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የዓመት ገቢው 670,000 ዶላር ደረሰ።

እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ቻርሊን ለማየት ግን አስተርጓሚ ፈልጋ አታውቅም። በ1925ቱ ፊልም፣ "ዘ ጎልድ ራሽ" ላይ በረሃብ ጫማውን ቀቅሎ ሲበላ አይታለች። የጫማ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልላል፤ ምስማሩን እንደ አጥንት ይመጠምጣል። ጫማው ሊኮሪስ ከሚባል ጥቁር ከረሜላ የተሠራ ነው። እናቴ እንባዋ እስኪወርድ ከሳቀች በኋላ "ውይ፣ አንጀቴን በላው!" አለች። የተራበ ሰው እንዲህ ሊሠራው የሚችለው ረሃብን ስለሚያውቀው ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ እሱ ሲጻፍ አንድ ነገር ማለፍ ግን አልፈልግም። በ1924 ሊታ ግሬይን ሲያገባ እሱ 35፣ እሷ 16 ዓመቷ ነበር። የፊልሞቹ ውበት ይህን አይሸፍነውም፤ እኔም አልሸፍንለትም።

ድምፅ ያለው ፊልም ከመጣ በኋላም ያ ከርታታ ገጸ ባሕርይው እንዲናገር አልፈለገም። በ1931 ሁሉም ሲያወራ እሱ "ሲቲ ላይትስ" የተባለ ንግግር የሌለው ፊልም አወጣ። አበባ ሻጯ ዓይነ ስውር ያለችበትን አንድ ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ ቀርጾታል። ገጸ ባሕርይው ከተናገረ ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። እኔ ግን ሐናም አለችበት እላለሁ። ድምፅ ሲከዳ ምን እንደሚመጣ በአምስት ዓመቱ ያየ ልጅ ነው።

በ1952 ወደ አውሮፓ በመርከብ እየተጓዘ ሳለ አሜሪካ የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘችበት፤ ስዊዘርላንድ ገብቶ ኖረ። በ1972 ኦስካር ሊሸልሙት ሲጠሩት ታዳሚው ቆሞ ደቂቃዎች ሙሉ አጨበጨበለት። ደስ ይላል። የእኔን ልብ የሚነካው ግን 1921 ነው። በዚያ ዓመት "ዘ ኪድ" የተባለውን ፊልሙን አወጣ፤ ሰዎች መጥተው ትንሹን ልጅ ከአሳዳጊው ነጥቀው ሊወስዱት የሚሞክሩበትን። በዚያው ዓመት እናቱን ካሊፎርኒያ አስመጣት። ባሕር አጠገብ ቤትና ነርስ አዘጋጀላት። በ1928 እስክታርፍ እዚያው ኖረች።

"ዘ ኪድ"ን እናቴ ገና አላየችውም። ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። ልጁን በመኪና ሲጭኑት እንደምታለቅስ አውቃለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ስለ ሐና እነግራታለሁ፤ ስለ ከሰሉም፣ ስለ ሻዩም።